መቃኑ ላይ ያለው የእርሳስ መስመር

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን ከርመሃል አባዬ? ወገብህን እንዴት አደረገህ? እማዬስ? ታናሼስ? የወርክሾፑ ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ ወይስ አሁንም ባልዲ ደቅናችሁ ነው የምትሠሩት? በደብዳቤ ወግ "ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ" ይባላል። እኔ ግን ከናፍቆታችሁ ሌላ ወገቤን ያመኛል፣ እግሬ አብጧል፣ ከመጣሁ ጀምሮም እንቅልፍ ጠግቤ አላውቅም። የቀረው ሁሉ ደህና ነው፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እማዬ፣ ይህን የምታነቢለት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እሱ እንደሆነ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ቤት የገባ ወረቀት ሁሉ በአንቺ ድምፅ ካልተነበበለት አይጥመውም፤ የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር። "ድምፅሽ ደስ ይለኛል" ባለሽ ቁጥር አንቺም እንደ ሙሽራ ትሽኮረመሚያለሽ። እንግዲህ መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ በይ፣ ረጅም ነው። ወደ መጨረሻው የማስቸግርሽ ነገር አለኝ፤ እዚያ ስትደርሺ እነግርሻለሁ።

የአካዳሚውን ፈተና ማለፌን በስልክ ሰምታችኋል። እንዴት እንዳለፍኩ ግን አልነገርኳችሁም። በስልክ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ነው የምታወሩት፤ "አለፍኩ" ከማለቴ እማዬ አለቀሰች፣ ታናሼ ስልኩን ነጠቀ፣ አንተ ከኋላ "ምን አለች? ምን አለች?" ትላለህ። እኔም ብሆን ለመናገር አቅም አልነበረኝም። ሰው ስንት ዓመት የተመኘውን ነገር ሲያገኝ የሚዘልል ይመስለኝ ነበር። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ተዘርሬ ተኛሁ።

ክፍላችን ጠባብ ነው፤ ለአራት ሴቶች ሁለት ተደራራቢ አልጋ። ከሁላቸውም አጭሯ እኔ ስሆን ላይኛውን አልጋ ለእኔ ሰጡኝ፣ መሰላሉ ደግሞ አንድ እርከን ጎድሎታል። ከሥሬ የምትተኛዋን "ሬዲዮ" እንላታለን፤ አፏን ከከፈተች የሚያጠፋት የለም። መስኮታችን ከመንደርደሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ አውሮፕላን ሲነሳ የጥርስ ብሩሾቻችን ብርጭቋቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ። መጀመሪያ ቀን ሁላችንም እየሮጥን መስኮቱ ጋ ሄድን። አሁን ቀና የሚል ሰው የለም።

አባዬ፣ የአብራሪዎች አካዳሚ የመረጥንበትን ቀን ታስታውሰዋለህ? ሦስቱን የማመልከቻ ወረቀት ከፋርማሲው ይዤ መጥቼ የሥራ ጠረጴዛህ ላይ የዘረጋኋቸው ቀን። ያኔ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አንስተህ መስኮቱ ሥር ካዞርከው ገና ሳምንቱ ነበር፤ "አየር ይሻለኛል" ብለህ። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመደርደሪያ ጀርባ ቆሜ "ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ" ስል ኖሬ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ሃያ ሰባት የሞላውን ደግሞ ከሦስቱ አንዳቸውም አይቀበሉም። ያ ዓመት ካለፈኝ አለቀልኝ ማለት ነው።

አንደኛው አካዳሚ ቅርባችን ያለው፣ ሠልጣኙ ራሱ ከፍሎ የሚማርበት ነው። አንተ ወርክሾፑን እሸጣለሁ ስትል እማዬ፣ ሸጠህ የት ልትቆም ነው ብላ ወሬውን ዘጋችው። ሁለተኛው ትንሹ ነው፤ እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጩ አብራሪዎችን የሚያወጣው፣ ቁመት ከመቶ ሃምሳ አምስት ካለፈ ሌላ ጥያቄ የሌለው። ሦስተኛው ይሄ አሁን ያለሁበት ትልቁ ነው። በነፃ አስተምሮ፣ መንገደኛ የሚጭን አውሮፕላን ላይ አስቀምጦ፣ በምትኩ አሥር ዓመት አገልግሉኝ የሚለው። ቁመት መቶ ስልሳ ይላል፤ በደማቁ ነው የተጻፈው።

እኔ ትንሹን ልሞላ እስኪርቢቶ አንስቼ ነበር። አጭር እንደሆንኩ አውቃለሁ፣ ስንት እንደሆንኩ ግን ተለክቼ አላውቅም። አጭር ሰው በገዛ እጁ ሄዶ አይለካም። አንተ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስደህ "መጀመሪያ እንለካ" አልክ። ጫማዬን አስወለቅከኝ፣ ከወርክሾፑ በር መቃን አስጠጋኸኝ፣ ጭንቅላቴ ላይ ቁራጭ ጣውላ አስተኝተህ በእርሳስ አሰመርክ። ከዚያ ሜትርህን ዘረጋህ። ጫፉ ስለላላ እንደ ልማድህ ከአሥር ጀመርክ፤ አሥሩን መስመሩ ላይ ይዘህ ወደ መሬት ለቀቅከው፣ ተንበረከክህና አየህ። መቶ ሰባ፣ አሥር ሲቀነስ መቶ ስልሳ፣ ልክ ነው አልክ። ታናሼ "እሷ ናት መቶ ስልሳ?" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። አንተም ሠላሳ ዓመት በር ሠርቼ አንድ በር ተመልሶ አልመጣብኝም ብለህ አፉን አስያዝከው። ነገሩ በዚሁ አለቀ። የትንሹ አካዳሚ ማመልከቻ ሰጋቱራ ተጠረገበት፣ እኔም በሳምንቱ ሥራዬን ለቀቅኩ። ቦታዬን የፋርማሲው ባለቤት የእህት ልጅ ያዘችው።

ከዚያ እንደ አብራሪ ተቀምጬ የምለማመድበትን ወንበር ሠራህልኝ። ከበረራ መጽሐፌ ላይ ያለውን ሥዕል እኔ በቃል እየነገርኩህ፣ አንተ ከአሮጌ በር ላይ ፔዳል ቆርጠህ፣ ስፕሪንጉን ከተሰበረ ሶፋ አውጥተህ። ከእግሬ እስከ ወገቤ ያለውን በስንዝር ነበር የለካኸው፤ ሜትሩ የት ሄደ ስልህ ሰው በእጅ ነው የሚለካ አልከኝ። ታናሼም ወደ ጥንት ተመለስን ብሎ ቀለደብህ። ከፊቴ ጣውላ አቁመህ፣ በላዩ አሻግሬ ግድግዳው ላይ የመታኸውን ሚስማር እያየሁ ሁለቱንም ፔዳል እስከ ጥግ እንድረግጥ አዘዝከኝ። አቃተኝ። ሚስማሩን ሳይ እግሬ ያጥራል፣ እግሬ ሲደርስ ሚስማሩ ይጠፋል። ሁለት ቀን ወንበሩን ስትዞረው ቆየህና አሮጌ ብርድ ልብስ የጠቀለልክበትን ጣውላ ከጀርባዬ ሻጥክልኝ። አጭር ሰው ወንበሩን ሳይሆን ጀርባውን ነው ወደፊት የሚያመጣው አልክ። ያንን ወንበር አራት ወር በየቀኑ ከምሳ በኋላ ተቀመጥኩበት፤ ደንበኞችህ ሲገቡ ያበድኩ መስሏቸው በዝግታ ነበር የሚያወሩት።

እንግዲህ ወደ ፈተናው ልምጣ። የመጀመሪያው ቀን የወረቀት ነው፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ። ስለሱ የምለው የለም፤ እጄ እስኪደነዝዝ ጻፍኩ። የሁለተኛው ቀን ግን ቁመት ነበር። በባዶ እግራችን፣ ቁጥራችን ደረታችን ላይ ተለጥፎ፣ ቀዝቃዛው ኮሪደር ላይ ተሰለፍን። የምትለካዋ ነርስ ቀና ብላ የሰው ፊት አታይም፤ ዘንጉን ታወርዳለች፣ ቁጥር ትጠራለች፣ "ቀጥሎ" ትላለች። እኔ ጋ ስትደርስ መቶ ሃምሳ ስምንት አለች።

አንድ ጊዜ እንድትደግምልኝ ለመንኳት። ደገመችልኝ፣ ያው ነው። አባቴ ለክቶኛል፣ አናጢ ነው፣ ተሳስቶ አያውቅም አልኳት። ምናልባት በሩን ይሆናል የለካው አለችና በጣቷ ግድግዳ ሥር ያለውን አግዳሚ ወንበር አሳየችኝ። እዚያ ላይ ከእኔ በፊት የወደቁ ሁለት ልጆች ጫማቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

አባዬ፣ አልደብቅህም፣ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተናድጄብሃለሁ። ሥራዬ የለም፣ የትንሹ አካዳሚ ምዝገባ ካለፈ ወር ሆኖታል፣ ዕድሜዬም በሩን ሊዘጋብኝ አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ሁሉን ነገር ያሳጣኸኝ ለሁለት ሳንቲሜትር ነው። ሠላሳ ዓመት ለሰው በር አንዲት ክር ያልሳትክ ሰው እኔን ስትለካ እንዴት ትስታለህ? እዚያው ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ መሀረብ የለኝም ብሎ ካልሲውን ሰጠኝ። ንጹሕ ነው አለኝ። ተቀበልኩት።

ከዚያ ወጥቼ ታናሼ ጋ ደወልኩ። ሜትሩን ይዘህ ሂድና መቃኑ ላይ ያለውን መስመር ለካው፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አልኩት። መልሶ ደወለ። ሦስት ጊዜ ለክቶታል፤ ከአሥር ሲጀመር መቶ ስልሳ ስምንት ነው፣ ማለትም መቶ ሃምሳ ስምንት። እንደ ልማዱ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም። "አባዬ እኮ አይሳሳትም" አለኝ። ቃል አስገብቼው ስለሆነ እንዳትቆጣው።

ስመለስ አንድ ሽማግሌ አስተማሪ ወደ አግዳሚው መጥተው ቆመዋል፤ ከራሳቸው ላይ ኮፍያ ስለማይወርድ ሠልጣኞቹ "ጋሽ ኮፍያ" ይሏቸዋል። ከማመልከቻው ግርጌ ማንም የማያነበው ደቃቅ መስመር አለ አሉን፤ ከመቶ ሃምሳ ሰባት በላይ የሆነ ሰው አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጦ ይሞከራል ይላል። ከሦስታችን እኔና ባለ ካልሲው ተነሣን። ወደ ሀንጋሩ ወሰዱንና ሞተሩ የወጣለት አሮጌ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ላይ አስወጡን። ፈተናው አጭር ነው፦ በአውሮፕላኑ አፍንጫ አሻግረሽ ግድግዳው ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር እያየሽ ሁለቱንም ፔዳል እስከ ጥግ ርገጪ።

ባለ ካልሲው ቀድሞኝ ገባና አልሆነለትም። እንባውን እንዳናይበት በሌላኛው በኩል ወረደ። እኔም ገባሁ። መስመሩን ሳይ እግሬ አጠረ። ወንበሩን ወደፊት ሳብኩት፤ እግሬ ደረሰ፣ መሪው ግን ሆዴ ውስጥ ገባ። ዝቅ ሳደርገው መስመሩ ጠፋ። ጋሽ ኮፍያ ሰዓታቸውን አዩ። ያኔ የወርክሾፑ ሚስማር ትዝ አለኝ፣ ያ ብርድ ልብስ የለበሰ ጣውላህም። ከጀርባዬ የሚደረግ ነገር ይስጡኝ አልኳቸው። ኮታቸውን አውልቀው አጣጥፈው ሰጡኝ፤ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ሻጥኩት። ሁለቱም ፔዳል እስከ ጥግ ሄዱ፣ ነጩ መስመርም ከፊቴ ነበር። ማን አስተማረሽ አሉኝ። አባቴ አልኳቸው። አብራሪ ነው ወይ አሉኝ፤ አናጢ ነው አልኩ። ትራስሽን ይዘሽ ነዪ ብለው ፈረሙልኝ። ይኸው አሁን በግቢው ሁሉ ስሜ "ትራሷ" ነው።

እናም አባዬ፣ እንዲህ ደክሞኝም ደጋግሜ የማስበው ይህን ነው። ያን ቀን መቶ ሃምሳ ስምንት ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ የዚህን አካዳሚ ወረቀት አጣጥፌ እጥለው ነበር፤ ግርጌውን የሚያነብ ማን አለ? ስህተትህ እዚህ አመጣኝ፣ ስንዝርህ አሳለፈኝ። በሜትር ሳትከኝና በእጅህ አገኘኸኝ። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ግን የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

ሦስተኛው ቀን የዓይን ምርመራ ነበር። በቅጹ ላይ ወላጅ ወይም ዘመድ የዓይን ችግር አለበት ወይ ይላል፤ የለም ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ሐኪሟ ጠብታ አደረገችልኝና ውጭ ጠብቂ አለችኝ። ጠብታው ለጥቂት ሰዓት ቅርብ ያለውን ነገር ያደበዝዛል። አልነገሩኝም ወይም ሲነግሩኝ አልሰማሁም፤ ደክሞኝ ነበር። አንዲት ፀሐፊ መጥታ ሌላ ቅጽ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። አየሁት፤ ከላይ በትልቁ በቀይ የተጻፈው ርዕስ ብቻ ይታየኛል። ከሥሩ ያለው ጥቁሩ ጽሑፍ ተጨማልቆ አንድ ሆኗል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ራሴም ተነሥቼ መስኮቱ ሥር ሄድኩ። ዳሩን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፣ በእጄ አገኘው ይመስል። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝና አፈርኩ። አጠገቤ ሬዲዮ ተቀምጣ ነበር፤ ያኔ ገና ስሟን እንኳ አላውቅም። አይታየኝም ማለት አቃተኝ። ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? አንቺ አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይላል አልኳት።

ይህን ካልኩ በኋላ ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። እሷ ታነባለች፣ እኔ አንዲት ቃል አልሰማሁም።

ተመልሼ ስገባ ሐኪሟን የመጀመሪያውን ቅጽ ስጪኝ አልኳት። "የለም" ያልኩትን ሰርዤ "እርግጠኛ አይደለሁም" ብዬ ጻፍኩ። ይህ ያስወጣኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ በዕድሜ የሚመጣ ከሆነ ለአንቺ ምንም አያደርግሽም አለች። ከዚያ ብዙ ነገር ጠየቅኳት፣ ሰልፉ ከኋላዬ እየጠበቀ። ሁሉንም መለሰችልኝ።

እማዬ፣ የማስቸግርሽ እዚህ ላይ ነው። እስካሁን ያነበብሽለት ይበቃል፣ ድምፅሽ ይባረክ። ከዚህ በኋላ ያሉትን ወረቀቶች ሳታዪ ለእሱ ስጪውና በሩን ዘግተሽለት ውጪ። አትቀየሚኝ። ጠይቀሽው ያልነገረሽ ነገር ካለ ራሱ ይንገርሽ።

አባዬ፣

ይህን በወፍራም ማርከር ነው የጻፍኩት። አንድ ገጽ ላይ የሚገባው አምስት ስድስት ቃል ነው፤ የሬዲዮን ደብተር ጨረስኩባት። መስኮቱ ሥር ሄደህ፣ ለብቻህ አንብበው።

ማንም አልነገረኝም።

በሜትርህ ላይ በየአሥሩ ያለው ቁጥር ቀይ ነው።

ለመቶ ስልሳ ስምንት ቅርብ የሆነው ቀይ መቶ ሰባ ነው።

አልተቀየምኩህም። ብቻህን በመሸከምህ ግን አንጀቴ ተበላ።

የዓይን ሞራ ከሆነ፣ መግፈፉ ግማሽ ሰዓት ነው ብላኛለች ሐኪሟ። በዚያው ቀን ቤት ይገባል። ቢቆይ ይከፋል።

ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ክሊኒክ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ረቡዕ ጠዋት ይጠብቁሃል። ታናሼ ይወስድሃል፤ ምንም እንዳይጠይቅህ ነግሬዋለሁ።

እስከዚያ መጋዙን አትንካ። ባለፈው ጣትህን የቆረጠህ መጋዙ ስለዶለዶመ አልነበረም።

ከስድስት ወር በኋላ ዕረፍት አለን። ስመጣ ጫማዬን አውልቄ እዚያው መቃን ላይ እቆማለሁ። በስንዝር አልፈልግም። ሜትሩን ከአሥር ጀምረህ፣ ተንበርክከህ አይተህ፣ መቶ ሃምሳ ስምንት በለኝ።

ከአንተ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ፈጣሪ እጅህን ያቆይልኝ፤ የቀረውንም ይመልስልህ።

አጭሯ ልጅህ